ቤቱን እየጎተተ የሄደ እንግዳ

አራት መቶ አሥር ሺህ ብር ፈጀብኝ። ግዢው፣ ሻንሲው፣ ላሜራው፣ የበያጁ የእጅ ዋጋ፣ ጎማው፣ ሶላሩ፣ ፍራሹ፣ ቀለሙ ሁሉ ተደምሮ ነው። ሚስቴ የምታውቀው ሁለት መቶ ሰማንያውን ብቻ ነው፤ ይህን ካነበበች እሱም ይስተካከላል።

የገዛሁት ቤት ነው፤ ግን ጎማ ያለው። በፒካፕ የሚጎተት፣ ሰው ቀጥ ብሎ የማይቆምበት፣ ተዘርግቶ ግን የሚተኛበት የብረት ሣጥን። ቆቦ ላይ ሰው ስም ሊያወጣለት ተቸግሮ ነበር። አንዱ «ተሳቢ» አለው፣ ሌላው «ኪዮስክ» አለው፣ የባጃጅ ልጆች ደግሞ «ቀንድ አውጣው» አሉት። ቀንድ አውጣ ቤቱን ተሸክሞ የሚዞረው ወዳጅ ስለሌለው እንደሆነ ያኔ የነገረኝ የለም።

እኔ የፍየል ነጋዴ ነኝ። ሱቅም አለን፤ ሱቁን የምትይዘው ግን ሚስቴ ናት፣ እሷ ዱቤ እንቢ ማለት ስለምትችል። የኔ እንጀራ መንገድ ላይ ነው። ከዞብል ተራራ ወዲያ ወደ አፋር ቆላ ስኳር፣ ሩዝ፣ መኮሮኒና የላስቲክ ጫማ ይዤ እወርዳለሁ፤ ፍየል ይዤ እመለሳለሁ። ገበያው የሚቆመው አንድ ቀን ነው። ደህና ፍየል ግን በገበያ ቀን አይገኝም፤ በገበያ ቀን የሚወጣው ባለቤቱ የሰለቸው ፍየል ነው። ደህናው በዋዜማው ማታ ወይም በማግሥቱ ጠዋት፣ ሰው በሰው ተጠያይቆ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ማደር ግድ ነው።

ማደሪያዬ ደግሞ አንድ ነበር፤ የአፋር ወዳጄ ቤት። ሰውየው በዕድሜ ይበልጠኛል። ከፊት ጥርሶቹ አንዱ የለም፤ ሲስቅ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው የሌለው ነው። አማርኛው ከኔ አፋርኛ አሥር እጅ ይሻላል። መጀመሪያ የተዋወቅን ጊዜ እንደ ወሎ ልማዳችን «አንቱ» ስለው ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

«'መጡ' ትለኛለህ። ከኔ ጋር ማን መጣ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ «አያ» እና «አንተ» ነው የምለው። እሱ ደግሞ ስሜን እያወቀ «ቆቦ» ይለኛል። ከተማውን በሙሉ እኔ የወከልኩት ያህል ነው፤ ሽንኩርት ሲወደድ «ቆቦ፣ ምን ሆነህ ነው ሽንኩርት ያስወደድከው?» ይለኛል።

ቆላ የወረደ ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ትገዛለህ?» ተብሎ አይደለም። «የማን እንግዳ ነህ?» ተብሎ ነው። የአሳዳሪህን ስም ትጠራለህ፤ አለቀ። ያ ስም ዋስህ ነው። አታልለህ ብትሄድ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ፍየልህ ቢጠፋ የሚፈልገው እሱ ነው፤ ገንዘብ ቢያጥርህ «የቤቴ ሰው ነው» ይላል፣ ባለፍየሉም ይሰጥሃል። የገዛኋቸውን ፍየሎች መኪናዬ እስኪሞላ ድረስ በሱ በረት አደራ ትቻቸው እመጣ ነበር፤ አንድም ጎድሎብኝ አያውቅም። እኔ የተማርኩት ገበያ ውስጥ ነው፤ ሰዋስው አላውቅም። ግን አደራ የሚለው ቃል ማደር ከሚለው የወጣ ይመስለኛል። ሰው ባላደረበት ቤት አደራ አይተውም።

እሱም ወደ ቆቦ ሲወጣ እኔ ቤት ያድራል። ሚስቴ ፍራሽ ስታወጣለት ፍራሹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ምንጣፉ ላይ ይተኛል። ለሻይ የሚጨምረውን ስኳር እያየች «ይሄ ሰውዬ የሚጠጣው የሱቃችንን ትርፍ ነው» ትላለች፤ ግን ሲመጣ ሻዩን ከሁሉ ቀድማ የምትጥደው እሷው ናት።

ታዲያ ምን አገኘኝ? ወገቤ ነው። ሃምሳን ካለፉ ወገብ እንደ አሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው፤ ባዶውንም ይጮኻል። ወዳጄ ሰሌን ያነጥፍልኛል፤ ከሰሌኑ ሥር ጠጠር አለ፤ ጠጠሩ ከዓመት ዓመት ያው ነው፣ የትኛውን ጎኔን እንደሚወጋኝ አውቀዋለሁ። ጎህ ሲቀድ ግልገሎች ይገቡና ጆሮዬን ይልሳሉ። ሁለተኛውን ምክንያት የነገረችኝ ሚስቴ ናት። «ኩራት ነው» አለች።

ሐሳቡ የመጣው ከስልክ ነው። ሱቅ ተቀምጬ ፈረንጆች በረሃ ውስጥ ቤታቸውን በመኪና ሲጎትቱ አየሁ። እነሱ በረሃ ለመግባት ይከፍላሉ፤ እኛ የምንከፍለው ከበረሃ ለመውጣት ነው። አንዲት ሴትዮ ከጎኑ አንድ መዝጊያ ስትከፍት ምድጃ ይወጣል፣ ሌላ ስትከፍት ውኃ ይወርዳል። ደጋግሜ አየኋት።

«ምን አይተህ ነው እንዲህ አፍህን የከፈትከው?» አለች ሚስቴ።

«ምድጃውን ነው።»

አላመነችኝም።

ሮቢት ላይ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሰማሁ። መንገድ ሲሠራ የነበረ ድርጅት የግቢ ኪራይ ሳይከፍል ትቶት ሄዶ፣ ባለግቢው በኪራዩ ፈንታ ያስቀረው ነው። ስሄድ ዶሮዎች ይኖሩበታል።

«ስንት ትላለህ?»

«ሁለት መቶ ሺህ።»

«ከነዶሮዎቹ?»

«ዶሮዎቹ የሚስቴ ናቸው። እነሱን እሷን አነጋግር።»

መቶ ስልሳ ላይ ተጨባበጥን። ከፒካፔ የመጎተቻ ጋንጮ ጋር በሽቦ አጠናክሬ አሰርኩና ወደ ቆቦ ጎተትኩት። መግቢያው ላይ ትራፊክ አስቆመኝ። ዞሮ ዞሮ አየው፤ ውስጡንም አየ፤ የዶሮ ላባ ከኮፍያው ላይ አራገፈ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቤት ነው ጌታዬ።»

«ቤት ከሆነ መንገድ ላይ ምን ይሠራል? ተሽከርካሪ ከሆነ ታርጋው የታለ?»

«ተሽከርካሪ ከሆነ ታርጋ፣ ቤት ከሆነ ካርታ አወጣለታለሁ። እስኪለይለት ድረስ ልለፍ?»

ሳቀና አሳለፈኝ፤ ግን በሳምንቱ ታርጋ ሳላወጣ ብንገናኝ እንደማይስቅ ነገረኝ። አወጣሁ።

በያጁ ከደጋ የመጣ ሰው ነው፤ ብረት ላይ ብረት መደረብ ይወዳል። የጎሊናን ወንዝ ድንጋይና አሸዋ የሚሻገር እንዲሆን ሻንሲውን ከፍ አደረገው፣ ባሌስትራውን ደራረበው፣ ከፒካፑ ጋር አንድ ዓይነት ጎማ አገባንለት፤ አንዱ ቢፈነዳ የአንዱ መጠባበቂያ ለሌላው እንዲሆን። ግድግዳውን በላሜራ ለበጥነው፣ ሙቀት እንዳያስገባ በውስጡ ፎም ጠቀጠቅንበት፣ በላዩ ቺፑድ መታንበት። አቧራ እንዳይገባ በየክፍተቱ ጎማ አጣበቅን። መዝጊያው ላይ ሁለት ቁልፍ አደረገልኝ።

«ሁለት ለምን?» ብለው፣

«አንዱ ቢጠፋብህ» አለ።

ከዚያ በኋላ ዕቃ ማስገባቱ ራሱ ሱስ ሆነብኝ። ጣሪያው ላይ ሶላር፤ ከኋላ የውኃ ሮቶ ከነቧንቧው፤ ከጎን እንደ ሴትዮዋ በመዝጊያ የሚከፈት ባለ ሁለት ምድጃ ቡታጋዝ፤ የሚታጠፍ አልጋ፣ የማይታጠፍ ወፍራም ፍራሽ። ማታ ማታ ግቢያችን ውስጥ ገብቼ እተኛበት ነበር፤ ለሙከራ። ሚስቴ በመስኮት «ቆላ ደረስክ?» ትለኛለች።

አሁን ሳስበው፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከአፌ አንድ ቃል ነበር የሚወስድብኝ። ሮቶው ሲገባ «ውኃ ስጡኝ» የሚለው ወጣ። ቡታጋዙ ሲገባ «ምን ቀመሳችሁ?» የሚለው ወጣ። ሶላሩ፣ ፍራሹ፣ መብራቱ፣ እያንዳንዱ አንዳንድ ልመና አስቀረልኝ። ያኔ ግን ይህ ሁሉ ትርፍ ነበር የሚመስለኝ። ከሰው ምንም የማይፈልግ ነጋዴ ማን ይችለዋል ብዬ።

የመጀመሪያው ጉዞ እንዳሰብኩት ሆነ። አሸዋው አልያዘኝም፣ ድንጋዩ አልሰበረኝም። የጎሊናን ወንዝ እንደ ግመል ተሻገረው። ወዳጄ ቤት ደረስኩና ጠጋ ብዬ ላቆም ስል፣ ግቢውን ላላጣብብ ብዬ ወደ ዳር ወጣሁ፤ አንድ ደህና ግራር ሥር ከቤቱ ራቅ አድርጌ አቆምኩ። እሱ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ዞረው። ጎማውን መታ አደረገ፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ ዘጋ።

«ማሻአላህ» አለ። «ውስጡ ምን አለ?»

«አልጋ። ከእንግዲህ ወዲህ አላስቸግርህም አያ። እዚሁ ነው የማድረው።»

በሩን ወዲያና ወዲህ አደረገው።

«ይቆለፋል?»

«ይቆለፋል፤ ባለ ሁለት ቁልፍ ነው።»

«ማንን ፈርተህ?»

«ለአቧራ ነው» አልኩት።

አቧራውን አየ፣ ቁልፉን አየ። «መልካም» አለና ሄደ። ማታ ልጁ ወተት ይዛልኝ መጣች፤ መኮሮኒ ቀቅዬ በልቼ ነበርና «ጠግቤያለሁ በያቸው» ብዬ መለስኳት። እውነቴን ነበር። ፍራሹ ላይ እንደ ሡልጣን ተኛሁ።

በማግሥቱ ገበያ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ሦስት የሚያማምሩ ሙክቶች ይዞ ቆሟል። ቀረብኩ። እንደ ወጉ ጠየቀኝ፤ የማን እንግዳ ነህ? እኔም ደስ ብሎኝ ነበርና፣ ደኅና የተኛ ሰው ቀልድ ይቀናዋል፣ «የራሴ!» አልኩት። «የራሴ እንግዳ ነኝ!»

ቆቦ ላይ ቢሆን ሻይ ቤቱ በሙሉ ይስቅ ነበር። እዚያ ግን አንዱ ለአንዱ ተረጎመው፣ ያም ለሌላው ነገረው፣ የሳቀ የለም። ሰውየው ሙክቶቹን በገመዳቸው ሳብ አድርጎ ሌላ ጥላ ሥር ወሰዳቸው።

ከዚያ ወዲህ ገበያው እያደር ተዘጋብኝ። ማንም አልሰደበኝም፤ ዋጋ ስጠይቅ ይነግሩኛል፤ የሚነግሩኝ ግን ለመንገደኛ የሚነገረውን ዋጋ ነው። ብር ቀድሞ ካልተቆጠረ ገመድ አይለቁልኝም። በዋዜማው ማታ ፍየል ይዞ ወደኔ የሚመጣ ጠፋ። የገዛኋቸውንም የት ላሳድር? በወዳጄ በረት «አደራ» ብዬ ልተዋቸው ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ተሳቢው ጎማ ላይ አሰርኳቸውና ሲያለቅሱ አነጉ። ባለ ወፍራም ፍራሽ ሆኜ እንቅልፍ አጣሁ።

ነጋዴ ሲከስር መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሌላ ነጋዴ ነው። ደላሎቹ ተመካከሩብኝ አልኩ። ቀጥሎ ቀለሙ ነው አልኩና አረንጓዴውን አስጠፍቼ አፈር መሳይ አስቀባሁት። ቀጥሎ ሰው ቁጭ የሚልበት የለም አልኩና ከጎኑ የሚዘረጋ የሸራ ጥላና አራት ወንበር ገዛሁ። ሰዉ ግራሩ ሥር ቁጭ አለ፤ የኔ ወንበሮች አራቱም ወደኔ ዞረው ተቀመጡ። ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉ ግን ይመጡ ነበር፤ በመስኮት ያቀብሉኛል፣ በመስኮት አቀብላለሁ፣ አመስግነው ይሄዳሉ። ባንክ ቤት መሰልኩ።

ወዳጄም አልተጣላኝም። ባገኘኝ ቁጥር ሰላምታውን አላጎደለም። «ቆቦ» የሚለኝ ግን ቀረ፤ በስሜ ይጠራኝ ጀመር። በስሜ ሲጠራኝ እንዴት እንደሚከፋ የማውቀው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሱቅ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ባጃጅ የሚነዳ የሰፈራችን ልጅ አጠገቤ አቆመ።

«ጋሼ፣ ከአፋሩ እንግዳዎ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?»

«ለምን እንጣላለን?»

«ትናንት ማታ አልጋ ቤት አደረስኩታ። እኔማ ወደ እርስዎ ቤት ልታጠፍ ስል ነው 'ቀጥ በል' ያለኝ።»

ደሜ ፈላ። እኔ እያለሁ፣ ቤቴ እያለ፣ በዚህ ከተማ እኔን ሊያሰድብ በገንዘቡ አልጋ ይከራያል? ሱቅ ገብቼ ለሚስቴ ጮህኩባት። ስኳር እየመዘነች ነበር፤ ሚዛኑ እስኪረጋ ጠበቀች።

«እሱ ቤት የሄድክ ጊዜ የት ነው ያደርከው?» አለች።

«ቤቴ ውስጥ ነዋ!»

«እሱስ ቤቱ ፈርሶበት ነው?»

የፈሰሰውን ስኳር ከባንኮኒው ላይ በእጄ ጠራረግሁ።

«ወተቱንም መለስኩ ብለህ አልነበር?» አለችና ስኳሩን ቋጠረችው። «ሂድ አምጣው። እኔ ሻይ ልጣድ።»

አልጋ ቤቱ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ በትሩ ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል። ሰላምታችን ረዘመ፤ ልጆቹ፣ ግመሎቹ፣ ዝናቡ፣ ሣሩ። አለቀ።

«አያ፣ እኔ እያለሁ አልጋ ቤት?»

«ንጹሕ ነው» አለ። «በር አለው። ይቆለፋል።»

በነገር ሊወጋኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልነበረም። ያየውን ነው የነገረኝ።

«ቤቴን ምን ነካብኝ?»

«ምንም። ቤትህ ጥሩ ነው። እናንተ ልማድ ለወጣችሁ ብዬ ነው። አሁን ሰው ለራሱ ያድራል። መጀመሪያ አንተ አደረግኸው፣ እኔ አየሁና ተከተልኩ። ላስቸግርህ አልፈለግሁም።»

እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ከኔ አፍ ሲወጣ ትሕትና መስሎኝ ነበር፤ በጆሮዬ ሲገባ ግን በር ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ ነበረው። አንድ ሰው ቤትህን ረግጦ «አላስቸግርህም» ሲልህ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ችግር ነበርኩብህ ማለቱ ነው። ወይም ችግር ነበርክብኝ።

«ወላሂ ወገቤ ነው አያ» አልኩት። «ሌላ ነገር የለውም። ወገቤ ነው።»

«ወገብህን አሞህ ነው?» አለ፤ እውነት ገርሞት። «ታዲያ ምናለ ብትለኝ? ከሰሌኑ ሥር ቆዳ አነጥፍልህ ነበር። ሁለት ቆዳ።»

ሁለት የፍየል ቆዳ። እኔ ነኝ ፍየል ነጋዴው።

«ተነሣ፣ ቤት እንሂድ።»

«ከፍያለሁ።»

«አስመልስልሃለሁ።»

«እነሱም ነጋዴ ናቸው፤ የተከፈለ አይመልሱም» አለ። ለምሳ ግን መጣልኝ። ሚስቴ ሻዩን ቀዳችለትና የስኳር ማስቀመጫውን አጠገቡ አስጠጋችለት። በላ፣ ጠጣ፣ አሳቃት። እኔ ፋታ አግኝቼ፣ «በሚቀጥለው ተሳቢውን ትቼ ነው የምመጣው፤ ሰሌኑን አንጥፍልኝ» አልኩት።

ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ አዞረ፣ አዞረ።

«ሰሌኑ ላይ ሰው አለ» አለ።

«ማን?»

«ከዋጃ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ጎልማሳ ነው። 'የማን እንግዳ ነህ?' ተባለ። 'ማንም የለኝም' አለ። እኔ ቤት ደግሞ ባዶ ነበር።»

ሻዩን ጨረሰ። የዓስር ሶላቱን ሰገደና ወደ አልጋ ቤቱ ተመለሰ። እስከ በሩ ሸኘሁት። «አብሽር» ብሎ አበረታታኝ፤ ይህን ቃል የለመደው ከኛ ቤት ነው።

በቀጣዩ ጉዞ ተሳቢውን ትቼ ፒካፑን ብቻ ይዤ ወረድኩ። ፊት ለፊት ግቢው ውስጥ አቆምኩ። ገና ከመኪናው ሳልወርድ «ውኃ ስጡኝ» አልኩ፤ ፒካፑ ውስጥ ግን ውኃ ነበረኝ። ጠጣሁ። ማታ ወተቱ ሲመጣ ጠጣሁ። የዋጃው ሰው እዚያው ነው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ያ ነው የከፋው። ባለጌ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቦታ መሆኑን ሰምቻለሁ። እርስዎ ይተኙበት» ብሎ ከሰሌኑ ተነሣ።

ወደ ወዳጄ አየሁ። እሱ እሳቱን ነበር የሚያየው። ገባኝ። ሰሌኑን ብወስድ የማነሣው የዋጃውን ሰው አይደለም፤ የባለቤቱን ቃል ነው። በሱ ቤት የተሰጠ ቦታ በኔ እጅ አይቀማም።

«ተቀመጥ ወንድሜ» አልኩት። «ወገቤ ጠጠሩን አይወደውም።»

ወዳጄ ተነሣና ሌላ ሰሌን አመጣ። በር አጠገብ፣ ነፋስ የሚገባበት ላይ አነጠፈው፤ ከሥሩ ሁለት ቆዳ አደረገበት። «ቆቦ፣ ይበቃሃል?» አለኝ።

«ይበቃኛል» አልኩት።

ተሳቢውን ቆቦ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ገዛኝ፤ ዘበኛው ያድርበታል። ሁለት መቶ ሰባ ሺህ ከፈለ። ኪሳራው መቶ አርባ ሺህ ነው። ቆላ ላይ ፍየል በዱቤ ይሰጡኛል፤ ቀድሞ የሚመርጠው ግን የዋጃው ነው፣ ከሱ የተረፈውን እኔ እገዛለሁ። የማድረው በር አጠገብ ነው።